የሐይቁ ዙሪያ መንገድ

«ይህን ምዕራፍ የጻፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሥራው እንዲነሣልን» የሚል ድምፅ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ አልፎ ሲመጣ፣ ጸሐፊዋ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ድምፁ የእናቷ ነው። እናቷ በጎን ባለው ክፍል ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ በአካል አይታቸው ለማታውቃቸው ሰዎች፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ዕድሜዋን ሙሉ ስታነብበት በኖረችው አነባበብ፣ ቃል ከቃል ሳታጋጭ አቤቱታ ታነባለች። «አራት ነጥብ» አለች አስከትላ፤ «አዲስ መስመር። ለሥራ አስኪያጁ፣ በአካል የሚቀርብ።» ምዕራፉን የጻፈችው ሰው አፏን አረፋ እንደ ሞላ መስተዋቱ ፊት ቆመች። በባዕድ መከሰስ በዚህ ዓለም ያለ ነው፤ በገዛ እናት፣ ያውም ጥርስ እየቦረሹ ሳለ፣ ከሥራ ይነሣልን መባል ግን ብዙ ሰው የሚደርስበት ነገር አይደለም።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ የጨዋታ ነገር ነው። ጸሐፊዋ የምትሠራበት ድርጅት፣ ከመስተዋት ቆራጮች ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ላይ፣ «ማዕዶት» የተባለች የተረት ምድር ይሠራል። ማዕዶት በኮምፒውተር የሚገባባት፣ ግዙፋንና ጠንቋዮች፣ ነገሥታትና ሽፍቶች የሚኖሩባት፣ ሰዎች ከየቤታቸው ሆነው በአንድነት የሚመላለሱባት ምድር ናት፤ ዕድሜዋም ከብዙዎቹ ተጫዋቾቿ ዕድሜ ይበልጣል። በምድሪቱ መካከል ዝምተኛው ሐይቅ የሚሉት ትልቅ ውኃ አለ። ወደዚህ ሐይቅ ማንም አይገባም። እግሩን የነከረ ሁሉ ወዲያው ተገፍቶ ዳር ይቆማል፤ ማዶ ለመድረስ በዙሪያው ያለውን ረጅም መንገድ መዞር ግድ ነው። ለምን እንደማይገባ የመጀመሪያው ጸሐፊ «ውኃው ተኝቷል» ብሎ አለፈ። ሁለተኛው «ውኃው የነካውን ሰው ስም አይረሳም» ሲል ጨመረ። ሦስተኛው በዳርቻው መነኮሳት አሰፈረ፤ ለመነኮሳቱም መሐላ አወጣላቸው። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊ አላስፈለገም፤ ነባር ተጫዋቾች ራሳቸው የመሐላውን ትርጓሜ፣ የትርጓሜውን ማብራሪያ፣ የማብራሪያውን ማረሚያ እየጻፉ፣ በሁለት ወገን ተከፍለው ተኳርፈው፣ ታርቀው፣ ደግሞ ተኳርፈው፣ ሰው በአንድ ዕድሜ አንብቦ የማይጨርሰውን ቀኖና ቆለሉ። በቢሮው ስለ ነባሮቹ ሲወራ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል፤ ሲባልም ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው፤ አንዳቸው መቼ እንደሚደውል አይታወቅምና።

በቢሮው ውስጥ ብቻ የሚታወቀው እውነት ግን አጭር ነው። ድርጅቱ ሲቋቋም ሥዕሎቹን በኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ ዛሬ ሸምግሎ በጥግ የሚቀመጠውና ባልደረቦቹ አባ ደረቅ የሚሉት፣ የሚራመድ እግር እንጂ የሚዋኝ እግር መሥራት አቃተው። የሞከረው ሁሉ እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ ይንፈራገጥበታል። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ውኃውን ዘጋው። የዝምተኛው ሐይቅ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የተረፈው ሁሉ በእነዚያ እግሮች መቃብር ላይ የበቀለ ሣር ነው።

እናት ወደ ማዕዶት የገባችው በጉልበቷ ሰበብ ነበር። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና በተኛችበት ጊዜ ልጇ አሮጌ ኮምፒውተሯን አልጋው አጠገብ አምጥታ «ለጥቂት ቀን ተዝናኚበት» አለቻት። ጥቂቱ ቀን ዓመታት ወለደ። ዛሬ ያቺ በምርኩዝ ከክፍል ወደ ክፍል የምትሄድ ሴት፣ በማዕዶት ከበር መቃን የምትረዝም ብረት ለበስ ጦረኛ ናት፤ እሜቴ ዳርቻ ይሏታል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሐይቁን ትዞራለች። አንዷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ስትሆን በዚያ ምድር ጢማም ሽፍታ ናት፤ ሌላው ባለታክሲ ነው፣ በዚያ ግን አጭር አሮጊት ጠንቋይ ነው። ልጇ በድርጅቱ እንደምትሠራ እናት ታውቃለች፤ የተነገራት ግን «ጽሑፍ ታርማለች» ተብሎ ነው። ድርጅቱ የጸሐፊዎቹን ስም አያወጣም። ከዓመታት በፊት አንድ ጸሐፊ የአንዱን ንጉሥ ፈረስ ከዳማ ወደ አምባላይ ቢለውጥ፣ ነባሮቹ የቤቱን ደወል እየተፈራረቁ ደውለው ሰፈር አስለውጠውታል። እንግዲህ ፈረስ ቀለም ቢለውጥ ይህ ከሆነ፣ ሐይቅ ቢከፈት ምን ሊሆን ነው? ጸሐፊዋ ሁለት ዓመት የደከመችበት አዲሱ ምዕራፍ አንዲት የዓሣ አጥማጅ ልጅ ወደ ዝምተኛው ሐይቅ ገብታ ስትዋኝ ይጀምራል፤ ከእርሷ በኋላ ውኃው ለሁሉም ይከፈታል። ምዕራፉ ገና ሙከራ ላይ ሳለ አንድ ገጹ ሾልኮ ወጣ፤ ነባሮቹም ቀፏቸው እንደ ተነካ ንቦች ተነሡ፤ አቤቱታ የማርቀቁንም ሥራ ለእሜቴ ዳርቻና ለሁለቱ ጓደኞቿ ሰጡ።

ቁርስ ላይ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማእድ ቤቱ ከመጥበቡ የተነሣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት የአንዳቸው ወንበር መነሣት አለበት፤ ዛሬ ማቀዝቀዣውን የከፈተ የለም። እናት የፍርድ ቤት ዘመኗን ግራጫ ኮት ለብሳለች፤ ፀጉሯንም እንደ ችሎት ቀን አጥብቃ ወደ ኋላ ሰብስባዋለች።

«ዳቦው ደግሞ አነሰ» አለች እያገላበጠች።

«ዋጋው ግን አላነሰም» አለች ልጅ።

«አያንስም። ዋጋ ሲያንስ ያየሽው የት ነው?»

ስለ ዳቦ እያወሩ ሌላውን ሁሉ ሳይነጋገሩ ማለፍ የሁለቱ የቆየ ልማድ ነው። አባት ሲሞት ስለ ዳቦ አወሩ፤ ልጅ ከእጮኛዋ ስትለያይም የዚያን ሰሞን ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት ለውጦ ነበር። ዛሬም ልጅ «ምነው ኮት ለበስሽ?» ብላ ጠየቀች፤ እናት «ጉዳይ አለኝ» አለች፤ «የምን ጉዳይ?» ቢባል «የሰው ጉዳይ» አለች፤ ጨዋታው በዚሁ ተዘጋ። ተያይዘው ወጡ። ልጅ እናቷ በጤና ጣቢያው በኩል ትታጠፋለች ብላ ጠበቀች፤ አልታጠፈችም። በልብስ ሰፊው በኩል ትታጠፍ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ አልታጠፈችም። አንድ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንድ አውቶቡስ ላይ ወጡ።

«አንቺም በዚህ ነሽ?» አለች እናት።

«እማዬ፣ ሁልጊዜ በዚህ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ እኮ ነው።»

«መልካም። እኔም ወደዚያው ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም መስኮት መስኮቱን ማየት ያዙ። አንድ ጎልማሳ ምርኩዙን አይቶ ተነሣና «ይቀመጡ እናቴ» አለ። እናት አመሰገነችውና «ልጄ ትቀመጥ፤ ዛሬ የሚከብደው እርሷን ነው» አለች። ጸሐፊዋ ስለ ቦርሳዋ መስሏት ቦርሳዋን አቀፈች። ልቧ የተያዘው በሌላ ነገር ነበር። በጉሮሮዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛለች፤ ለዓመታት ይዛዋለች። «እማዬ፣ ያ ቅዱስ የምትሉት ሐይቅ የተዘጋው እግር መሥራት ስላቃታቸው ነው» ብትል አቤቱታው፣ መሐላው፣ ትርጓሜው፣ ሁሉም በአንድ ፌርማታ ይፈርስ ነበር። ግን ለእናቷ የቀረላት ሽርሽር ያ ብቻ ነው፤ የሰውን ብቸኛ ሽርሽር ደግሞ በአውቶቡስ ውስጥ አያፈርሱትም። ወረዱ፤ ደረጃውንም፣ እናት አንድ እግር እያስቀደመች፣ አብረው ወጡ።

ሥራ አስኪያጁ በበሩ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እሜቴ ዳርቻ በአካል ትመጣለች ስለ ተባለ ከጎረቤት ቢሮ ደህና ወንበር ተውሷል። እናት ገብታ ስሟን ስትነግረው፣ ዓይኑ ሳያስበው የጦረኛዋ ራስ ሊደርስ ወደሚገባበት ወደ በሩ መቃን ወጣና፣ ቀስ ብሎ ወደ ምርኩዙ ወረደ። «እርስዎ ነዎት?» አለ። «እኔ ነኝ። የት ልቀመጥ?» አለች። በስብሰባው ክፍል ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋና፣ በጥጉ ሻይና ብስኩት የያዘው አባ ደረቅ ነበሩ። እናት መነጽሯን አድርጋ አቤቱታውን ከርእሱ እስከ ፊርማው አነበበች። የሁለተኛውን ጸሐፊ ቃል ጠቀሰች፤ የመነኮሳቱን መሐላ በቃሏ አለችው፤ ውኃው ቢከፈት መነኮሳቱ ምን ሊጠብቁ እንደሚቀመጡ ጠየቀች። ስታበቃ መነጽሯን አወለቀች። ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ጠረገ።

«ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል» አለ ጠረጴዛውን እያየ። «ምዕራፉ ይነሣል። ጸሐፊውም... እርሱንም እንዳላችሁት እናደርጋለን።»

ሁለት ዓመት በአንድ ትንፋሽ ሲሄድ ሰው እንደ ሐሳቡ መታገሥ አይችልም። «እግር ነው!» ብላ ጮኸች ጸሐፊዋ።

«ምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እግር ነው እማዬ! ውኃው አልተኛም፣ ስምም አያስታውስም። የተዘጋው እኚህ ሰውዬ የሚዋኝ እግር መሥራት ስላቃታቸው ነው። እርሱን ነው በመሐላ የምትጠብቁት። ምዕራፉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እናት ወደ ጥጉ ዞረች። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ አባ ደረቅ፣ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ። «እጁስ እሺ ብሎኝ ነበር።»

ጸሐፊዋ የእናቷን ፊት ፈርታ ማየት አልቻለችም። እናት ግን ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመችና፣ ሰው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ አድርጋ ተናገረች። «በእኛ ፍርድ ቤት ባለጉዳይ ሁሉ በምሥራቁ በር ነበር የሚገባው። የምዕራቡ በር ቁልፍ ጠፍቶ ነው። ቁልፉ ከተገኘ በኋላም በምዕራቡ በር የሞከረውን እንመልሰው ነበር፤ ሥርዓት ሆኖ ቆየና። ሞኝነት ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ሰው ሁሉ በአንድ ደጃፍ ስለሚሰለፍ ይተዋወቃል። አባትሽን ያገኘሁት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ቁልፍ ባይጠፋ አንቺ የለሽም። እግር ይሁን ቁልፍ፣ ነገር ከአንድ ቦታ መነሣቱ አይቀርም፤ እኔ የምጠይቀው የት ደረሰ ብዬ ነው። መንገዱን ዞረሽው ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር ጸሐፊዋ ዞራው አታውቅም። በቢሮው የዞረው ሰው የለም። «ለእኛ አንዲት ቁልፍ አለችን፤ እርሷን ተጭነን ማዶ ነን» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የሚኮራበት ነገር ያገኘ መስሎት።

«አየሽ» አለች እናት። «አዋላጇ ባሏ የሞተባት ጊዜ ቃል አልተነፈሰችም። ዝም ብላ ከእኛ ጋር ትዞር ነበር። እኛም ዝም ብለን እንዞር ነበር። ቀጥታ መሻገር ቢቻል ማን ከእርሷ ጋር ይዞራል? ሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ ዋኝቶ ይሄድ ነበር።»

«አዲስ የሚገባውስ?» አለች ልጅ፤ ድምፅዋ አሁን ተረጋግቷል። «አዲስ ሰው እንደ ገባ መጀመሪያ ወደ ውኃው ነው የሚሄደው። ለምን አልገባም ብሎ ሲጠይቅ ‹መጀመሪያ መሐላውን ከነማብራሪያው አንብብ› ትሉታላችሁ። ይወጣል፤ አይመለስም። እማዬ፣ ሰው እየመነመነ ነው። አንድ ቀን ሦስታችሁ ብቻ ትዞራላችሁ። ከዚያ ይህ ቢሮ ይዘጋል፤ ቢሮው ሲዘጋ ሐይቁም የለም፣ መንገዱም የለም።»

ይህን እናት አልሰማሁም አላለችም። ምርኩዟን አንዴ አሽከረከረች። ልጅ ግን አንድ ነገር ከንክኗታል። «እኔ መሆኔን ብታውቂ ኖሮ ከሥራው ይነሣልን ትዪ ነበር?»

«ማወቅማ አውቅ ነበር።»

«ከየት?»

«ሾልኮ በወጣው ገጽ ላይ ያቺ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ከእናቷ ስትጣላ ስለ ዳቦ ነው የምታወራው። ሌላ ማን እንዲህ ይጻፍ?»

«እያወቅሽ ታዲያ!»

«በድምፅ ብልጫ ነው የተወሰነው። እኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ።»

«እናቴ ነሽ እኮ!»

«ለዚህ ነዋ የታቀብሁት። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆኚ እደግፍ ነበር።»

አባ ደረቅ ሻዩ ትን አለው። እናት ሳሉን እስኪጨርስ በጨዋነት ጠበቀችውና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «በወሰን ክርክር ዳኛ ቦታውን ሄዶ ያያል። ቦታው በአካል ይታይ። ኮምፒውተር አምጡልን፤ ለእኔ አንድ፣ ለእርሷ አንድ። ያቺን ቁልፋችሁን ደግሞ እንዳትነኳት።»

እንዲህ ሆነና በሥራ ሰዓት፣ በስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ እናትና ልጅ ሐይቁን ለመዞር ተነሡ። ልጅ እንደ ማንኛውም አዲስ ገቢ ግራጫ ልብስ ለበሰች፤ ከጎኗ ብረት ለበሷ እሜቴ ዳርቻ እንደ ግንብ ቆመች። ገና ጥቂት እንደ ሄዱ ልጅ መሮጫውን ተጫነች። «አትሩጪ» አለች እናት። እንደገና ተጫነች። «አትሩጪ አልኩ፤ ምን ያስቸኩልሻል፣ ደመወዝሽን እየበላሽ ነው የምትሄጂው።» በመነኮሳቱ ደጅ ከጠዋት ጀምሮ የአቤቱታውን ወሬ ሲጠባበቁ የነበሩት ጢማሙ ሽፍታና አጭሯ ጠንቋይ ተቀበሏቸው፤ የአዋላጇና የባለታክሲው ድምፅም በማዳመጫው መጣ።

«ማን ናት ይቺ አዲሷ?» አለ ባለታክሲው።

«ልጄ ናት።»

«አራሚዋ?»

«ጸሐፊዋ። ምዕራፉን የጻፈችው እርሷ ናት።»

«ልጄ» አለች አዋላጇ፤ «እኔ በበኩሌ ከሥራ እንድትወጪ አልነበረም ሐሳቤ፤ ትንሽ እንድትደነግጪ ብቻ ነው።»

«እኔ ግን እንድትወጪ ነበር» አለ ባለታክሲው። «ሰው ሐይቅ ይነካል? አሁን ደግሞ ተዋወቅን፤ አስቸጋሪ አደረጋችሁብኝ።»

«እንግዲያው ያን ‹ከሥራው ይነሣልን› የሚለውን አንቀጽ እናውጣው ባይ ነኝ» አለች አዋላጇ።

«ምን ላድርግ፤ እደግፋለሁ። እሜቴስ?»

«ድምፀ ተአቅቦ» አለች እናት።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ጀርባ ሆኖ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ጸሐፊዋ ግን አላየችውም። መንገዱን እያየች ነበር። ሐይቁን በቃል ጽፋው ታውቃለች እንጂ እንዲህ ሲዞሩት ውኃው ሁልጊዜ በአንድ ጎን እንደሚሆን አላሰበችም። የሚያወራ ሰው የሌላውን ፊት አያይም፤ ሁሉም ውኃውን ነው የሚያየው። ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይወጣቸውን፣ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሳያስቡት ያወጡታል። ባለታክሲው ከወንድሙ ጋር የተጣላበትን ነገር አወራ፤ ማንም ዞሮ ስላላየው እስከ መጨረሻው አወራው። አዋላጇ ሳቀችበት፤ እርሱም ሳቀ። መንገዱ አንድ ጉብታ ዞሮ ውኃው ሰፋ ብሎ በታየበት ቦታ እናት እርምጃዋን አቀዘቀዘች።

«ያቺ ዓሣ አጥማጅ ልጅ» አለች፤ «መጨረሻዋ ምንድን ነው?»

«ማዶ ትደርሳለች።»

«እናቷስ?»

«እናቷ ዳር ቆማ ታያታለች። ምዕራፉ እዚያ ያልቃል።»

«አትቆምም» አለች እናት። «ትዞራለች። ልጂቱ ስትዋኝ እርሷ በመንገዱ ዞራ፣ ማዶ ስትወጣ ፎጣ ይዛ ትጠብቃታለች። ይህን እንኳ አታውቂም?»

ጸሐፊዋ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ በመልሱ ፈንታ ግን ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ በማያ ገጹ ላይ ያለችው ግራጫ ልብስ የለበሰች ልጅም ጣት ሳይነካት ቆማ ቀረች። «ሂጂ እንጂ» አለች እናት፤ «መንገድ ዘጋሽ።» ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን መጨረሻ ሃያ ጊዜ ጽፋ ሃያ ጊዜ ስትሰርዘው የጎደለውን አታውቅም ነበር።

ቀጣዩን ኩርባ ሲዞሩ ዳርቻው ላይ አንድ ሰው አገኙ። እርሱም ግራጫ ለብሷል፤ ስም እንኳ ገና አላወጣም። ወደ ውኃው ዘለለ፤ ውኃው ገፍቶ ዳር አቆመው። ሸሸት ብሎ ተንደርድሮ ዘለለ፤ ገፍቶ አቆመው። እነርሱ ሲመጡ ሲያይ ከራሱ በላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይሄ ውኃ አይዋኝበትም እንዴ? ተበላሽቶ ነው?»

አዋላጇ የመሐላውን መጀመሪያ ልትል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቆይ አንቺ» አለች እናት። በስብሰባው ክፍል ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ አለ፤ አባ ደረቅም ወንበሩን ከጥጉ ጎትቶ ቀረበ። እናት ማዳመጫዋን አስተካከለችና በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ እየፈለገች መጻፍ ጀመረች፦ «ገና ነው። እስከዚያው ከእኛ ጋር ና። መንገዱ ረጅም ነው፤ ወሬም አለን።»

ግራጫው ሰው ወደ ውኃው አየ፤ ወደ እነርሱ አየ። ከዚያ መጥቶ ከጠንቋይዋ ኋላ ተሰለፈ።

«‹ገና ነው› ማለትዎ» አለ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ፤ «ምዕራፉ ይወጣል ማለትዎ ነው? አቤቱታውን አንሥተውታል ማለት ነው? ይቅርታ፣ እንዴት ብዬ ልያዘው?»

እናት ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። «ቆይ ልጄ» አለችው፤ «እንግዳ መጥቶብናል።»